ሕመምተኛ ለሕመምተኛ ምን ይሰጣል?



በአገራችን ስለ ሕመምና ስለ ችግር የሚነገሩ፣ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ የሚመስሉ ሁለት አባባሎች አሉ። አንደኛው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል። ሁለተኛው አጭር ነው፤ «ሆድ ይፍጀው» ይላል። የመጀመሪያው ተናገር ሲለን ሁለተኛው ዝም በል ይለናል። ወባ ወይም የሳንባ በሽታ ሲይዘን ያለ ብዙ ማመንታት የመጀመሪያውን እንከተላለን። ሕመሙ የአእምሮ ሲሆን ግን አብዛኞቻችን ወደ ሁለተኛው እንሸሻለን። እናት የልጇን ሕመም ከጎረቤት ትሰውራለች፤ የእኅቱ ጋብቻ እንዳይሰናከል ሲባል የታመመው ወንድም በጓዳ ይቀመጣል፤ ይባስ ብሎም ታማሚውን ከአደጋ መጠበቁ እየመሰለው እጅና እግሩን በገመድ ወይም በሰንሰለት የሚያስር ቤተሰብ አለ። በቡታጅራ አካባቢ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለበት ዘመድ ካላቸው ሰዎች መካከል ከ4ቱ 3ቱ በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደሚሰማቸው ተናግረዋል።

እንግዲህ እንዲህ ተሸሽጎ በሚኖር ሕመም ላይ፣ ታማሚዎችን በአንድ ክፍል ሰብስቦ በነርስ መሪነት እርስ በርስ እንዲነጋገሩ የሚያደርግ ሕክምና መኖሩን ስንሰማ መገረማችን አይቀርም። ጥያቄም ይከተላል። ራሱን መደገፍ ያቃተው ሰው ሌላውን ሊደግፍ ይችላልን? ገመናን በሰው ፊት መግለጥስ ተገቢ ነውን? የሌላውን ምሥጢር የሰማ ሰውስ ምን ዓይነት ዕዳ ይኖርበታል? እነዚህ ጥያቄዎች የሐኪም ብቻ አይደሉም፤ የሁላችንም የኅሊና ጥያቄዎች ናቸው። ስለሆነም ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ቦርከና ወንዝ በሚያረሰርሰው የጨፋ ሜዳ የምትገኘውን ጨፋ ሮቢትን በዓይነ ኅሊናችን ፊት አድርገን እንመርምራቸው።

ሕክምናው እንዴት ይካሄዳል?

ሰዎችን በቡድን ሰብስቦ የማከም ልማድ የተጀመረው በአእምሮ ሕሙማን ዘንድ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1905 ጆሴፍ ፕራት የተባለ ሐኪም በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ድኾች የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን እየሰበሰበ ስለ ዕረፍት፣ ስለ ምግብና ስለ ንጹሕ አየር ያስተምራቸው ነበር። ሕሙማኑ ከትምህርቱ በተጨማሪ እርስ በርስ በመተያየታቸው ብቻ እንደሚበረታቱ አስተዋለ። ከዚያ ወዲህ ይህ ልማድ ወደ አእምሮ ሕክምና ገብቶ እየዳበረ ሄደ።

በዛሬው አሠራር በአንድ ቡድን ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 የሚደርሱ ሰዎች ይሰበሰባሉ። በክብ ይቀመጣሉ፤ ሁሉም የሁሉንም ፊት ያያል። ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው አይለዋወጥም፤ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይቆያሉ። አንዱ ነርስ ውይይቱን ሲመራ፣ የሚቻል ከሆነ ሌላው ነርስ የሰዎቹን ሁኔታ፣ ማን እንደ ተናገረ፣ ማን አንገቱን እንደ ደፋ፣ ማን ለመናገር ፈልጎ እንደ ተወ ይመለከታል። ደንቡም በመጀመሪያው ቀን ይነገራል፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ ማንም እንዲናገር አይገደድም፤ ማንም አይሰደብም፤ በክፍሉ የተነገረው በክፍሉ ይቀራል።

ቡድኑ የመድኃኒት ምትክ አይደለም። በጽኑ የታወከ፣ ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ የተቃረበ ሰው አስቀድሞ ለብቻው ሊረዳና ሊረጋጋ ይገባዋል። ቡድኑን የሚያሰባስበው ነርስም ማን ከማን ጋር ቢቀመጥ እንደሚበጅ አስቀድሞ እያንዳንዱን በግል ያነጋግራል።

ይህ ሥራ በነርሶች እጅ መግባቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ሐኪም መጥቶ ይሄዳል፤ ነርስ ግን ሌሊት ያልተኛውንና ማዕድ ያልቀመሰውን ታውቃለች። በአገራችን ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ስለ ነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በዚያው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ተጀመረ፤ ሠልጣኞቹም በየክፍላተ ሀገሩ ሆስፒታሎች ተመደቡ። ከጨፋ ሮቢት እስከ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለሕክምና ይህን ያህል መንገድ መጓዝ ለማይችል ገበሬ፣ በቅርቡ የምትገኝ ነርስ ምን ያህል እንደምትጠቅም መገመት አያዳግትም።

ከመካከላቸው የሚወጣው መድኃኒት

ምሳሌ እንዲሆነን በዐሳባችን አንድ ቡድን እንሰብስብ። በጨፋ ሮቢት ስምንት ሴቶች በነርስ መሪነት በየሳምንቱ ይገናኛሉ እንበል። አንዷ ከወለደች ወዲህ ልቧ የጨለመባት ናት። አንዷ ልጇን የቀበረች ናት። ሌላዋ ደግሞ ለብዙ ዘመን ሰው የማይሰማው ድምፅ ትሰማ የነበረች፣ አሁን በመድኃኒት የተረጋጋች፣ በቤቷ ግን እሳት እንኳ እንድታነድ የማይፈቀድላት ናት።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ዝም ይላሉ። በሦስተኛው ሳምንት ልጇን የቀበረችው፣ «ከዚያች ሌሊት ወዲህ ዓይኔ ተከድኖ አያውቅም፤ አበድኩ እንዳይሉኝ ለማንም አልተናገርኩም» ትላለች። ይህን ጊዜ ወላዷ ቀና ብላ፣ «እቴ፣ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር» ትላታለች። የመጀመሪያው መድኃኒት ይህ ነው፤ ብቻዬን ነኝ የሚለው ዐሳብ መሰበሩ። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ኧርቪን ያሎም እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፉ ቡድን የሚፈውስባቸውን መንገዶች ሲዘረዝር፣ ሕመምን የጋራ አድርጎ ማየትን፣ የተሻለውን አይቶ ተስፋ ማግኘትንና ሌላውን መርዳትን ከዋነኞቹ መካከል ቆጥሯቸዋል።

ከሦስቱ በጥልቀት ልንመለከተው የሚገባን የመጨረሻው ይመስለናል። ወላዷ የታዘዘላትን እንክብል አንዳንድ ቀን እንደምትዘነጋ ስትናገር፣ በቤቷ እሳት እንዳታነድ የተከለከለችው ሴት ትመልስላታለች፤ «እኔ ሁልጊዜ ከራት በኋላ ነው የምወስደው፤ ሰዓቱ እንዳያልፈኝ ልጄ ታስታውሰኛለች፤ አንቺም ባልሽን አስታውሰኝ በይው።» የተናገረችው ቀላል ነገር ነው። ነገር ግን ለዓመታት ስትመከር፣ ስትጠበቅ፣ ስትታዘንላት የኖረች ሴት በዚያች ቅጽበት መካሪ ሆነች። ነርሷ ይህንኑ ምክር ብትሰጥ ኖሮ ወላዷ ትጠቀም ነበር፤ መካሪዋ ግን ምንም አታገኝም ነበር። ስለዚህ አስተዋይ ነርስ መልሱን እያወቀች ዝም ትላለች፤ መልሱ ከመካከላቸው እስኪወጣ ትጠብቃለች።

ይህ በዐሳብ ብቻ የቀረ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ በ30 መንደሮች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት አለ። በድባቴ የተያዙ ወንዶችና ሴቶች በየጾታቸው በቡድን ሆነው ለ16 ሳምንታት፣ በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ተኩል ተሰበሰቡ። መሪዎቻቸው ለ2 ሳምንታት የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። በመጨረሻ በድባቴ ላይ የተገኙት በቡድኑ ከተመደቡት ከ100 ወደ 7 የሚጠጉት ሲሆኑ፣ ካልተመደቡት ግን 55 ያህሉ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን ዘዴ የሚያስተምር መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 አውጥቷል። በእኛው አገር ደግሞ ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው የሚገኝ ወገኖች በ1990 ዓ.ም. አካባቢ እንደ መቅድምና ተስፋ ጎህ ያሉ ማኅበራትን መሥርተው፣ ስሙን መጥራት በሚያሳፍርበት ጊዜ እርስ በርስ መጽናናታቸውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን።

አዲስ ነገርስ ነውን?

ለወሎ ሰው በክብ ተቀምጦ ጭንቀትን ማካፈል እንግዳ አይደለም። በሐዘን ቤት፣ በቡና ሥርዓት ከአቦል እስከ በረካ፣ በወዳጃው የጋራ ጸሎት ሰው ሰውን ሲያበረታ ኖሯል፤ ጠብ ሲነሣም አበጋሮች ተቀምጠው ያስታርቃሉ። የቡድን ሕክምና ከእነዚህ ጋር ቢዛመድም በሁለት ነገር ይለያል።

አንደኛው፣ በቡድኑ ውስጥ ፍርድ የለም። አስታራቂ ሽማግሌ በዳይና ተበዳይን መለየት ግዴታው ነው፤ በቡድኑ ግን ማን አጠፋ ተብሎ አይጠየቅም። ሁለተኛው፣ ማጽናናት አይቸኮልበትም። እኛ የሚያለቅስ ሰው ስናይ «አይዞህ፣ እርሳው፣ ለሁሉም ጊዜ አለው» ማለት ይቀናናል። ቃሉ ከደግ ልብ የወጣ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የምናጽናናው የራሳችንን ጭንቀት ለማቅለል አይደለምን? ዕንባው ስለከበደን አፉን በአይዞህ እንዘጋዋለን። በቡድን ሕክምና የሚናገረው ሰው እስኪጨርስ ይጠበቃል፤ ቃሉንም በሚቀርበው ቋንቋ፣ ኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ፣ አማርኛ ከሆነ በአማርኛ ቢናገር ይመረጣል፤ ሰው የሚያለቅሰው በእናቱ ቋንቋ ነውና።

የሰሚው ዕዳ

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንድረስ። በትልቅ ከተማ በአንድ ቡድን የሚገናኙ ሰዎች ከበር ሲወጡ ላይተያዩ ይችላሉ። በጨፋ ሮቢት ግን የቡድኑ አባላት በገበያ ይገናኛሉ፤ በጋብቻ ይዛመዳሉ፤ በአንድ ምንጭ ውኃ ይቀዳሉ። ከዚህም በላይ አካባቢው በቅርብ ዓመታት ቆስሏል። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአጎራባች ወረዳዎች በተነሣው ግጭት ብዙ ሰው ሞቷል፤ ቤት ተቃጥሏል፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም ጦርነቱ ኮምቦልቻንና ከሚሴን አዳርሷል። ኦሮሞውም አማራውም፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ሐዘን አለበት። በአንድ ክፍል የሚቀመጡ ሁለት ሰዎች እርስ በርስ የሚፈራሩ ሊሆኑ ይችላሉ።

ስለዚህ ሆድ ይፍጀው የሚለው ሰው ሁልጊዜ ፈሪ ወይም ያልተማረ አይደለም፤ የተናገረው ነገር ተመልሶ እንዳይወጋው የሚጠነቀቅ አስተዋይም ሊሆን ይችላል። ከዘግናኝ ነገር በኋላ ወዲያውኑ ሰዎችን ሰብስቦ ያዩትን ሁሉ እንዲተርኩ መገፋፋት እንደማይጠቅም፣ ሊጎዳም እንደሚችል የዛሬው ሕክምና ራሱ ያስተምራል። አስቀድሞ የሚያስፈልገው ደኅንነት፣ ምግብ፣ መጠለያና ዘመድ ነው። የመናገር መብት ያለ ዝምታ መብት ሙሉ አይሆንም።

በእኛ ዘንድ የኑዛዜ ምሥጢር በካህኑ ላይ እንዴት እንደተጣለ ሁላችንም እናውቃለን። ቡድን ኑዛዜ አይደለም፤ ሕመምም ኃጢአት አይደለም። ሆኖም አንድ ነገር ከዚያ እንማራለን፤ የተናገረውን ሰው የሚጠብቀው የሰሚው ከንፈር ነው። በቡድን ውስጥ ደግሞ ይህ ሸክም በአንድ ሰው ላይ ሳይሆን በሁሉም ላይ፣ በሕሙማኑም ጭምር ይወድቃል። ነርሷ የራሷን አፍ እንጂ የሌላውን ልትዘጋ አትችልም። ይህንንም በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ልትነግራቸው ይገባታል፤ የማትችለውን ቃል መግባት ማታለል ይሆናልና። እዚህ ላይ ግን አንድ ትልቅ ነገር እናያለን። ኅብረተሰቡ ምንም አይታመንም ያለው ሰው፣ በቡድኑ ውስጥ የሌላ ሰው ምሥጢር ጠባቂ ሆኖ ይታመናል። ምሥጢሩን ሲጠብቅም ሰውነቱ ይመለስለታል።

እኛስ?

ከላይ ሕመምተኛ ለሕመምተኛ ምን ይሰጣል ብለን ጠይቀን ነበር። መልሱ፣ ጤነኛው ሊሰጠው የማይችለውን ይሰጣል የሚል ነው። ከዚህም የተነሣ ጥያቄው ወደ ራሳችን ይመለሳል። የአእምሮ ሕሙማንን ስንረዳ ምግብና ልብስ እንሰጣለን፤ ጸበል ወይም ሆስፒታል እናደርሳለን፤ ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ከእነርሱ አንዳች ነገር ተቀብለን እናውቃለንን? ሁልጊዜ ተቀባይ እንዲሆን የተፈረደበት ሰው፣ ምጽዋቱ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ከሰው ተራ እንደ ወጣ ይኖራል።

በተለይ ቤት ለቤት የሚዞሩ ትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች የሚከተለውን ልብ ቢሉ መልካም ነው። የታመመ ሰው ሲናገር ትምህርት ለመስጠት አይቸኩሉ። የሰሙትን፣ ለመልካም ዓላማ ነው ብለው እንኳ፣ ለሌላ አያውሩ። መድኃኒቱን እንዲያቋርጥ አይምከሩት፤ ቤተሰቡንም በአቅራቢያው ወዳለው የጤና ተቋም ይምሩ። ምእመናን በሙሉ ደግሞ ከሕክምና የተመለሰው ወገን ወደ ቡናው ሲመጣ ሲኒ ብቻ ሳይሆን ተራም እንስጠው፤ ይጠየቅ፣ ይምከር፣ ይላክ። በዕድር ድንኳን ሲተከል እርሱን ከጥግ አስቀምጠን አንለፈው፤ ከገመዶቹ አንዱን ይዞ እንዲወጥር እንስጠው።