ነባቢት ነፍስና መስማት የተሳነው ሰው

ሊቃውንት አባቶቻችን የሰው ነፍስ ለባዊት፥ ነባቢት፥ ሕያዊት እንደ ሆነች ያስተምሩናል። ታዲያ ከመወለዱ ጀምሮ የማይሰማና የማይናገር ሰው ነፍሱ እንዴት ነባቢት ትባላለች? የሚል ይኖራል። ነባቢነት የነፍስ ጠባይ ነው እንጂ የምላስ አይደለም። ካህኑ ዘካርያስ አንደበቱ በተዘጋ ጊዜ የልጁን ስም በሰሌዳ ጽፎ አስታወቀ፤ ቃል ከልቡ አልጠፋም ነበርና።

ዳሩ ግን ዘካርያስ ቋንቋን አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ቋንቋ ያልደረሰውስ? አሜሪካዊቷ ሔለን ኬለር ሁለት ዓመት ሳይሞላት ማየትና መስማት ተሳናት። በ1887 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፥ በአንድ እጇ ላይ ውሃ ሲፈስስ፥ መምህርቷ በሌላው መዳፏ የውሃን ስም በጣት ፊደል ጻፈችላት። ያን ጊዜ ነገር ሁሉ ስም እንዳለው አስተዋለች፤ ሐሳቧም ተከፈተ። እንግዲህ ነፍስ ነባቢት ሆና ትፈጠራለች፤ ቋንቋን ግን ከሰው ትቀበላለች። የሚሰማው ብዙ ጊዜ በልቡ በድምፅ ቃል ያስባል፤ በምልክት ቋንቋ ያደገውም በእጅ ምልክት ያስባል።

እኔም አንድ ጊዜ በምልክት የሚናገር ልጅ ለንስሐ ቢመጣ፥ የሚለውን እኔ ባላውቅ፥ እርሱ እንደማያውቅ ቆጠርሁት። አላዋቂው ግን እኔ ነበርሁ። ካህናት ወንድሞቼ ሆይ፥ ምልክቱን እንማር፤ እግዚአብሔር የሚሰማውን የልብ ቃል እኛ አንናቀው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።