ሕመምተኛው የአላህ አማና ነው

ምስጋና ለአላህ ይሁን፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይስፈን።

አንድ ወጣት ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ከሰው መሸሽ፣ ቤተሰቡ ሊገድለው እንዳሴረበት ማመን ሲጀምር በብዙ ቤቶች የሚሰጠው ፍርድ «ጂን ይዞታል» የሚል ነው። ከዚያም ሰንሰለትና ዱላ ይከተላል። ለመሆኑ ይህን ፍርድ የምንሰጠው በምን ማስረጃ ነው?

ይህ ሁኔታ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ሕመም ሊሆን ይችላል። በ1976 (እ.ኤ.አ.) ኢቭ ጆንስተንና ባልደረቦቿ እንግሊዝ ውስጥ በሲቲ ስካን ባደረጉት ጥናት፣ ለረጅም ጊዜ በታመሙ ሰዎች አንጎል ውስጥ ያሉት ፈሳሽ የሚይዙ ክፍተቶች ከጤነኞቹ ሰፍተው ተገኙ። በ2016 ደግሞ የ2,028 ሕሙማንና የ2,540 ጤነኞች የአንጎል ምስል ሲነጻጸር፣ ክፍተቶቹ በአማካይ ሰፍተው፣ ለትውስታ የሚያገለግለው ሂፖካምፐስ የተባለው ክፍል አንሶ ታይቷል። እርግጥ ነው፣ ልዩነቱ የአማካይ በመሆኑ የአንድን ሰው ምስል ብቻ አይቶ ታማሚ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም አንጎልም እንደ ልብና እንደ ኩላሊት የሚታመም አካል መሆኑን ያስረዳናል።

ጂን መኖሩን ማመን የኢማናችን ክፍል ነው። ነገር ግን ጂን መኖሩን ማመን አንድ ነገር ሲሆን «እገሌን የያዘው ጂን ነው» ብሎ መደምደም ሌላ ነው፤ ያለ ዕውቀት መናገር ደግሞ በዲናችን የተከለከለ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘዋል፤ አእምሮውን ያጣ ሰው እስኪመለስለት ድረስ ኃጢአት እንደማይጻፍበትም አስተምረዋል። አላህ ያልጠየቀውን ሰው እኛ በምን ሥልጣን እንገርፈዋለን? በ1284 ካይሮ ላይ የተሠራው የሱልጣን ቀላውን ሆስፒታል ለአእምሮ ሕሙማን የተለየ ክፍል ነበረው። ቀደምቶቻችን ለእነዚህ ወገኖች አልጋ ሲያዘጋጁ እኛ ሰንሰለት ማዘጋጀታችን ሊያሳፍረን ይገባል።

በአገራችን በቡታጅራ አካባቢ ከ68,000 በላይ ሰዎችን በማነጋገር የተጀመረው ጥናት፣ ውጤቱ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ፣ ለሕመሙ የሚሰጠውን መድኃኒት ቀድሞ ያገኙት ከሕሙማኑ 10 በመቶ እንኳ እንደማይሞሉ አመልክቷል።

ስለዚህ ቁርኣን ይቀራለት፣ ዱዓም ይደረግለት፤ ሐኪም ዘንድም ይወሰድ፣ የታዘዘለት መድኃኒትም አይቋረጥበት። ሩቅያ የምታደርጉ ወንድሞች፣ ቤተሰብ የሚሰማችሁ እናንተን ነውና «ወደ ሐኪም ውሰዱት» የሚለው ቃል ከአንደበታችሁ ይውጣ። ሕመምተኛው በእጃችን ያለ አማና ነው፤ ስለ አማናችን ነገ እንጠየቃለን።

ወላሁ አዕለም።