ባሏ አይደል እንዴ?

እዚህ ሐዋሳ ፒያሳ ቡና ይዘን ከወጣቶች ጋር የምንከራከርበት ጉዳይ አያልቅም። ሰሞኑን ያነሣነው በ1939 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተባለ የፍቅር ፊልም ነው። ፊልሙ የተሠራበትን መጽሐፍ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ተርጉሞ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ስላለው፣ ባለታሪኳ ስካርሌት ለእኛ አገር አንባቢ ባዕድ አይደለችም።

ባርነትን ያሳመረ፣ ጥቁሮቹን ወይ ታማኝ ወይ ሞኝ አድርጎ የሣለ ፊልም እኛን ጥቁሮቹን ለምን ይመስጠናል? መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ «ዘመኑ ነው» የሚል ነበር። ግን የማን ዘመን? ፊልሙ በወጣበት ጊዜ በቺካጎና በዋሽንግተን ጥቁሮች ሲኒማ ቤት ደጃፍ ተሰልፈው ተቃውመውታል። የስካርሌትን ቤት አገልጋይ ማሚን ሆና የተጫወተችው ሃቲ ማክዳኒየል በዘር መለያየት ሕግ ምክንያት አትላንታ ላይ በተደረገው ምረቃ አልተገኘችም። በ1940 እ.ኤ.አ. ኦስካር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ስትሆንም ከነጭ ባልደረቦቿ ተለይታ ግድግዳ ጥግ ነው የተቀመጠችው። ግፉን የሚያውቅ ሰው በዘመኑም ሞልቶ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ መጽሐፉም ፊልሙም ይጣል? ነጻነቱን የተነጠቀ ሰው የደከመበትን ሥራ ጣሉት ለማለት አንደበቴ አይታዘዘኝም። ስካርሌት ተርባ፣ ቤቷ ተዘርፎ እንደገና ስትነሣ እስረኛ ከእሷ የሚያገኘው ብርታት አለ። ማሚ ግን በዚያ ሁሉ ሰዓት የራሷ ስም እንኳ የላትም። እዚህ ላይ ጥርጣሬዬ ወደ ቤታችን ዞረ። ስሟ ሳይጠራ «ሠራተኛዋ» እየተባለች ዓመታት የምትኖር ልጅ በስንት ቤት አለች? «እንደ ልጃችን ናት» እንላለን፤ የስካርሌትም ቤተሰብ ስለ ማሚ ቢጠየቅ የሚለው ይህንኑ ነው። በእኛ አገር ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ አያቶቻችን የኖሩበት ዘመን።

ይበልጥ ያከራከረን የደረጃው ትዕይንት ነው። ሬት በትለር ሰክሮ፣ የምትታገለውን ሚስቱን ስካርሌትን ተሸክሞ ወደ መኝታ ቤት ይወጣል፤ በማግስቱ አልጋዋ ላይ ሆና በደስታ ስታንጎራጉር እናያታለን። አንዱ ወጣት «ጋሼ፣ ባሏ አይደል እንዴ?» አለኝ። አጠገቡ ያለችው ልጅ «ባሏስ ቢሆን፣ እምቢ አለች እኮ!» ብላ ተቆጣች።

የፊልሙ ትልቁ ውሸት ያ የማግስቱ ደስታ ይመስለኛል፤ እምቢታዋን ወደኋላ ተመልሶ እሺታ ያደርገዋል። እኛም ጋ ጠለፋ የኖረው በዚሁ እምነት ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተጠላፊዋ ጠላፊዋን ካገባች ክሱን ያስቀር ነበር። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ይህን ሽሮ፣ ጋብቻ ጠላፊውን ከተጠያቂነት እንደማያድነው ደነገገ።

ልጁን ልገሥጸው ብዬ ነበር፤ ግን ሕጉ ራሱ ከእሱ ጋር ቆሟል። አስገድዶ መድፈርን የሚቀጣው አንቀጽ 620 «ከጋብቻ ውጭ» የተፈጸመውን ብቻ ነው የሚመለከተው። ስለዚህ ፊልሙ አርጅቷል የሚለውን አልቀበልም። ሕግ የምታወጡ ሰዎች፣ ያንን ሐረግ ከአንቀጹ አውጡት።