መርገጫው የቀረበት ሞተር ብስክሌት

ሰው የወደደው ዕቃ ቅርጹ ተለውጦ ሲመጣበት ስለ ምን ይቈጣል? ቁጣው ነገሩን ጠንቅቆ ከማወቅ የመጣ ነውን፥ ወይስ ልማድ የዕውቀትን ካባ ደርቦ ሲናገር ነው? ይህ ጥያቄ በሊቃውንት ጉባኤ የሚነሣ ሊመስል ይችላል፤ እኛን ግን የገጠመን በገሳይ ከተማ ከአንድ ሻይ ቤት ደጃፍ፥ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ ነው።

ገሳይ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በክምር ድንጋይ በኩል ወደ ንፋስ መውጫ በሚዘልቀው መንገድ ላይ የምትገኝ፥ የጉና ተራራ ብርድ የሚወርድባት የገብስና የድንች አገር ናት። ከዋናው መንገድ ወጣ ሲሉ መኪና እንደ ልብ የማይደርስበት ቀበሌ ብዙ ነውና፥ የግብርናው ባለሙያም የጤናው ሠራተኛም የሚተማመነው በሞተር ብስክሌት ነው። ለብዙ ዘመን የሚታወቀው ሞተር በእግር ተረግጦ የሚነሣው ነበር። ከጎኑ የብረት መርገጫ አለው፤ ነጂው መርገጫውን ዘርግቶ በሙሉ ክብደቱ አንድ ጊዜ ሲጫነው ሞተሩ አጓርቶ ይነሣል። በአዲሱ ሞዴል ይህ መርገጫ የለም፤ በአውራ ጣት የሚጫኗት አንዲት ቁልፍ ተተክታበታለች። ካርቡራተሩም ወጥቶ፥ ቤንዚኑን በኤሌክትሪክ እየለካ የሚረጭ ሌላ መሣሪያ ገብቷል። በዚያ ማለዳ ይኸው አዲስ ሞተር ባትሪው በብርዱ ደክሞ አልነሣ አለ። ያመጣው ሰው ቁልፏን ቢጫናት ቢጫናት ከጥቂት ማቃሰት በቀር መልስ አጣ። በዙሪያው የተሰበሰቡት የሞተር ወዳጆችም ፍርዳቸውን ለመስጠት አልዘገዩም። «ድሮስ እግር የሌለው ነገር መቼ ይራመዳል!» አለ ከነሱ አንዱ።

ሳንሸሽግ እንናገር፤ እኛም ከፈራጆቹ ወገን ነበርን። ሞተርን ረግጦ ማስነሣት ልምምድ የሚጠይቅ ጥበብ ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ መድረሱን እግር በመርገጫው ክብደት ያውቀዋል፤ በብርድ ቀን የአየሩን መዝጊያ ምን ያህል መሳብ እንደሚገባ ጆሮ ይፈርዳል፤ ያልሠለጠነ ሰው የረገጠው እንደሆነ መርገጫው ተመልሶ ቅልጥሙን ይመታዋል። እኛ ይህን ትምህርት የቀሰምነው በቅልጥማችን ነው። ስለዚህ ያችን ቁልፍ ባየናት ጊዜ የተሰማን ነገር ንቀት ነበር፤ ንቀታችንም ማስተዋል መስሎን ነበር።

ሰው ከሚጋልበው ነገር ጋር የሚይዘው ፍቅር ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። በደብረ ታቦር ይቀመጡ የነበሩት ዐፄ ቴዎድሮስ በፈረሳቸው ስም «አባ ታጠቅ» ይባሉ ነበር፤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ «አባ በዝብዝ»፥ ዐፄ ምኒልክም «አባ ዳኘው» ተብለዋል። መጋለቢያው ስም እስኪሆነው ድረስ የተዋሐደው ሰው፥ መጋለቢያውን ሲለውጡበት ስሙን እንደነኩበት ቢቈጥረው ብዙ አይፈረድበትም።

የወዳጆች ቁጣ ሁሉ ከንቱ ነው የሚል ሰው ቢኖር ደግሞ የገበሬውን ታሪክ ያስታውስ። አፈር የሚገለብጥ የብረት ማረሻ ለኢትዮጵያ ገበሬ ያልቀረበበት ዘመን የለም ለማለት ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ1967 በአርሲ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅትም የተሻሻለ ማረሻ ሠርቶ ሞክሯል። አብዛኛው ገበሬ ግን አልተቀበለውም። ይህን ያዩ ሰዎች አንዳንዶቹ «ልማዱን የሙጥኝ ያለ» ብለው አሙት። እርሱ ግን ሞፈሩንና ቀንበሩን ማታ በትከሻው ተሸክሞ ይገባል፤ ቢሰበርበት ከአካባቢው በቈረጠው እንጨት ጠርቦ ይተካዋል። የብረቱ ማረሻ ለበሬዎቹ ይከብዳል፥ ዋጋውም ለኪሱ ይከብዳል፥ በተሰበረም ጊዜ ጠጋኙ ሩቅ ነው። በዚህ ስፍራ እምቢታው ራሱ ዕውቀት ነበር፤ በወረቀት አለመጻፉ ዕውቀትነቱን አልቀነሰበትም።

በሌላ በኩል የኢጣልያውን የዱካቲን ታሪክ እንመልከት። ማሲሞ ታምቡሪኒ የነደፈው፥ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው 916 የተባለው ሞዴል በውበቱ በዓለም የታወቀ ነበር። ከእርሱና ከተከታዮቹ በኋላ፥ በ2003፥ በፒየር ቴርብላንሽ የተነደፈው 999 ተተካ። ጎን ለጎን የነበሩት የፊት መብራቶች አንዱ ከሌላው በላይ ሆኑ፤ የኋላውን ጎማ በአንድ ወገን ብቻ ይይዝ የነበረው ክንድም ባለ ሁለት ወገን ሆነ። ወዳጆቹ አዘኑ፥ ተቈጡም። ይሁን እንጂ ይህ የተጠላው 999 በ2003፥ በ2004ና በ2006 የዓለም ሱፐርባይክ ሻምፒዮንነትን ለነጂዎቹ ያስገኘ ነው። ድሉ ግን አላዳነውም። በ2007 ፋብሪካው 1098 የተባለውን ባወጣ ጊዜ መብራቶቹን ጎን ለጎን፥ ክንዱንም ወደ አንድ ወገን መለሰ። እዚህ ላይ የተቈጣው ዓይን ነው። ለዓይን መታዘዝ ነውር ነው አንልም፤ ቤት የሚሠራ ሰው ለደጁ ማማር ይጨነቅ የለምን? ነገር ግን ዓይኑ የተከፋበት ሰው «ዓይኔ ተከፋ» ሊል ይገባዋል እንጂ «ሞተሩ ተበላሸ» ሊል አይገባውም።

ታዲያ የገሳዩ ቁጣ የገበሬው ነውን ወይስ የዱካቲ ወዳጆች? (መርገጫ ቀረ ብሎ ያጕረመረመው ገሳይ ብቻ እንዳልሆነ በዚሁ እንጥቀስ፤ የሕንዱ ሮያል ኤንፊልድ እ.ኤ.አ. በ2021 ክላሲክ 350 የተባለውን በአዲስ መልክ ሲያወጣ መርገጫውን ስላስቀረው፥ በዚያም አገር ብዙ ወዳጆቹ ተከፍተዋል።) ነገሩን ቀረብ ብለን ስንመረምረው ከሁለቱ የተቀየጠ ሆኖ አገኘነው። ብርድ የባትሪን ጉልበት እንደሚቀንስ እርግጥ ነውና ፍርሃቱ እውነት ነው። የተመኙት መድኃኒት ግን መድኃኒት አይደለም። ቤንዚኑ በኤሌክትሪክ በሚረጭበት ሞተር ባትሪው ፈጽሞ የሞተ እንደሆነ፥ ቤንዚን የሚገፋው ፓምፕ አብሮት ይሞታል፤ በብዙዎቹም መርገጫ ቢኖር ትርፉ ሲረግጡ መዋል ነው። ደግሞም ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል ወደ 2,700 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። አሮጌው ካርቡራተር ይህን አያውቅም፤ ለቈላ እንደተለካ ወደ ደጋ ሲወጣ ቤንዚኑ ይበዛበትና ይታፈናል፥ ጥቁር ጭስ ይተፋል፥ ካንዴላውም ይጠቍራል። አዲሱ መሣሪያ ግን አየሩን ለክቶ ቤንዚኑን ይቀንሳል። ከወረታ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ጉና ግርጌ ለሚወጣ መንገደኛ የሚሻለው የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው።

እኛ ይህን እያወቅን በዚያ ማለዳ አልተናገርንም። ትናንት መንጃ ፈቃድ ያወጣ ልጅ በዓመታት የተማርነውን በአንድ ጣቱ ሲያደርገው ማየት አስከፍቶን ነበር። ኀዘናችን ለማዕረጋችን ነበር፤ ሞተሩን መሸፈኛ አደረግነው።

ከማዕረጋችን ጋር ያልተያያዘ አንድ ጕዳት ግን አለ፤ እርሱን ቸኩለን ልናልፈው አይገባም። ካርቡራተርን የመንገድ ዳር መካኒክ በአንድ ካቻቢቴ ፈትቶ፥ በቤንዚን አጥቦ፥ በአፉ ነፍቶ መልሶ ይገጥመዋል። አዲሱ ግን ሕመሙን የሚያነብለት ሌላ መሣሪያ ይፈልጋል፤ ያም መሣሪያ የሚገኘው ከትልቅ ከተማ ነው። ራሱ ሊጠግነው የማይችለውን፥ ጎረቤቱም ሊጠግንለት የማይችለውን ዕቃ የገዛ ሰው፥ ዕቃው በእውነት የእርሱ ሆኗልን? እኛ «በሙሉ አልሆነም» ባዮች ነን፤ የባለቤትነቱ ግማሽ ከሻጩ ዘንድ ቀርቷል። ፋብሪካ ዕቃውን ለማሻሻል ይችላል፤ ነገር ግን አሻሻልሁ ብሎ የጥገናውን ዕውቀት ከመንደሩ ሲያወጣ፥ መካኒኩን ማስተማርና መሣሪያውን ማቅረብ ዕዳው ነው እንላለን። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ነገር በያለበት ይነሣል። መርገጫም፥ ካርቡራተርም፥ ማርሚታም፥ ድምፅም የሌለው ሞተር ብስክሌት የሻይ ቤቱ ደጃፍ የደረሰ ዕለት፥ ወዳጆቹ ስለ ድምፁ ሲያለቅሱ ስለ ጥገናው መጠየቅ እንዳይረሱ እንሰጋለን።

ያ ሞተር በመጨረሻ ቁልቁል ተገፍቶ ተነሣ፤ ክርክሩ ግን አልቆመም። ይህ ሁሉ ሲሆን አንዲት የጤና ሠራተኛ የክትባት መያዣውን ቀዝቃዛ ሣጥን በጉልበቷ ላይ አድርጋ ከሻይ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ተቀምጣ ነበር። ለካ ሞተሩ የመጣው ለእርሷ ኖሯል። ከተሰበሰቡት አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው፥ «አንቺስ ልጄ፥ መርገጫ ያለው ይሻልሻል ወይስ ቁልፍ ያለው?» አሏት።

«አባቴ፥ የተነሣልኝ ሁሉ ይሻለኛል» አለች። «እናንተ ግን ሁላችሁም ረዣዥም ናችሁ፥ እግራችሁ ይደርሳል። እኔ ተቀምጬበት ሁለቱም እግሬ መሬት አይነካ። በጭቃው ቁልቁለት ላይ ሲንሸራተትብኝ በምኔ ልደግፈው? ሣጥኑስ የት ይታሰራል? የአሮጌው መጫኛ ሰፊ ነበር።»

ከፈራጆቹ መካከል መልስ የሰጠ አልነበረም። መካኒኩ ብቻ ሞተሩን ደግፎ እንድትቀመጥበት ጠየቃትና፥ ጎንበስ ብሎ ከጫማዋ እስከ መሬት ያለውን ክፍተት በእጁ ለካ። አንድ ስንዝር ሊሞላ ሁለት ጣት ብቻ ቀርቶት ነበር።