የዕረፍት የመጨረሻ ቀን

ሰው ለሥራ እንደ ተፈጠረ ሁሉ ለዕረፍትም ተፈጥሯል። ስለ ሥራ ክብር በቤተ ክርስቲያናችን ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተሰብኳል። ስለ ዕረፍት ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንናገረው ሰንበትን ያላከበሩትን ለመውቀስ ስንሻ ብቻ ነው። ለመሆኑ ዕረፍት ምንድን ነው? በእውነት ያረፈ ሰውስ በምን ይታወቃል? ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከሁሉ የሚሻለው ዕረፍቱ የሚጀመርበት ሳይሆን የሚያበቃበት ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ሰው ደስተኛ ነው፤ በመጨረሻው ቀን ግን ልብ የተደገፈበት ነገር ይገለጣል።

ለአብነት ያህል በዘመናችን እጅግ የተስፋፋውን የደሴቶች የመርከብ ሽርሽር እንውሰድ። በውጭ አገር ከሚኖሩ አንባብያን አንዳንዶቹ በዚህ ዐይነት ጉዞ ተሳትፈው ይሆናል፤ ሌሎቻችን ደግሞ ከዘመድ በሚላክ ፎቶግራፍ እናውቀዋለን። ከአቴና ወደብ ከፒሬየስ ተነሥቶ የኤጌን ባሕር የሚዞር መርከብ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሚኮኖስን፣ ፍጥሞን፣ ሮዴስንና ቀርጤስን አዳርሶ የመጨረሻውን ምሽት በሳንቶሪኒ ያሳልፋል። ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ከእነዚህ ስሞች አንዳንዶቹ እንግዳ አይደሉም። ቅዱስ ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲወሰድ በቀርጤስ ዳርቻ አልፏል (ሐዋ. 27፥7-13)፤ ቅዱስ ዮሐንስም ራእዩን ያየው በፍጥሞ ነው (ራእ. 1፥9)።

ሳንቶሪኒ ከ3,600 ዓመታት ገደማ በፊት በፈነዳ እሳተ ገሞራ መካከሏ ወደ ባሕር የሰጠመ ደሴት ናት። መርከቡ የሚቆመው በዚያ ጥልቅ ውኃ ላይ ነው። በዙሪያው እስከ 300 ሜትር የሚደርስ ገደል ቆሟል፤ በገደሉም ጫፍ ነጫጭ ቤቶች ተደርድረው ይታያሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሁሉም ሰው ወደ ምዕራብ ዞሮ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ ግን ሰዓቱ ይሮጣል። ሒሳብ ይዘጋል፤ ሻንጣ ከመኝታ ክፍሉ በር ውጭ ይቀመጣል፤ ሲነጋ መርከቡ ፒሬየስ ይደርሳል። በዚያው ዕለት አንሶላው ተቀይሮ በዚያው አልጋ ላይ ሌላ እንግዳ ይተኛበታል።

በዚህ ቀን በተጓዥ ልብ ውስጥ ሁለት ስሜቶች ይነሣሉ። አንደኛው፣ ነገ ወደ ሥራና ወደ ጭንቀት እመለሳለሁ የሚል ኀዘን ነው። ሁለተኛው ስስት ነው፤ ይኸውም ያልታየውን ሁሉ ለማየት፣ ያልተገዛውን ለመግዛት፣ የምትጠልቀውንም ፀሐይ ሳይቀር በፎቶግራፍ ይዞ ለማስቀረት መሻት ነው። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ይፈልቃሉ። የተሰጠንን ነገር እንደ ገንዘባችን ቈጥረነዋልና ሲወሰድብን የተዘረፍን ይመስለናል።

መንገዱና አገሩ

ቅዱስ አውግስጢኖስ በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በጀመረውና «ስለ ክርስትና ትምህርት» በተሰኘው ሥራው ይህንኑ ነገር በመንገደኞች ምሳሌ ያስረዳል። ከአገራቸው የራቁ ሰዎች ወደ አገራቸው ለመመለስ በየብስ ወይም በባሕር የሚወስዳቸው መጓጓዣ ያስፈልጋቸዋል። ይሁን እንጂ የመንገዱ ማማርና የመጓጓዣው ምቾት ልባቸውን ከማረከው ቶሎ ለመድረስ አይፈልጉም፤ ሊገለገሉበት የሚገባውን ነገር የሕይወታቸው መጨረሻ ያደርጉታል፤ እውነተኛ ደስታ ያለበትንም አገር ይረሱታል። መርከቡ መልካም ነው፤ ባሕሩም ውብ ነው፤ ጥፋቱ በመርከቡ ውስጥ ለመኖር መመኘቱ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ተገቢ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። እንግዲያስ የፍጥረት ውበት ረግጠነው የምናልፍ ድልድይ ብቻ ነውን? አይደለም። እግዚአብሔር የፈጠረውን ሁሉ አይቶ መልካም እንደ ሆነ ተናግሯል (ዘፍ. 1፥31)። መጽሐፈ ጥበብም ከፍጥረት ታላቅነትና ውበት ተነሥቶ ፈጣሪን ማወቅ እንደሚቻል ያስተምራል (ጥበብ 13፥5)። በጀንበር መጥለቅ ደስ የተሰኘ ሰው አልበደለም። የሚበድለው ስጦታውን ተቀብሎ ሰጪውን ያላመሰገነ ነው። ምስጋና ያለበት ልብ ነገሩ ሲያልፍ ያዝናል እንጂ አያጉረመርምም፤ የተቀበለው እንደ ስጦታ እንጂ እንደ ርስት አልነበረምና።

ደግሞም የፍጥረትን ታሪክ ልብ ብለን እናንብብ። ከቀናት ሁሉ ተለይቶ የተባረከውና የተቀደሰው የመጨረሻው ቀን ነው (ዘፍ. 2፥3)። ስለ ስድስቱ ቀናት ማታም ሆነ ጥዋትም ሆነ ተብሎ ሲጻፍ ስለ ሰባተኛው እንዲህ አልተጻፈም። የእግዚአብሔር ዕረፍት ምሽት የሌለው ዕረፍት ነውና። የእኛ ዕረፍት ሁሉ ምሽት አለው። ስለዚህ የመጨረሻው ቀን ትካዜ ክፉ ነገር አይደለም፤ ምሽት ለሌለው ዕረፍት እንደ ተፈጠርን የሚያሳስብ ምልክት ነው። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1998 «የጌታ ቀን» በሚል ርእስ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት እሑድ ወደ ተራ የሳምንት መጨረሻ መዝናኛ እንዳይለወጥ ያስጠነቀቁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከእኛ ጋር ያረፈው ማን ነው?

ሰንበት በሕግ ሲታዘዝ ምክንያቱ ግልጽ ሆኖ ተነግሯል። በሬና አህያ እንዲያርፉ፣ የባሪያይቱ ልጅና መጻተኛውም እንዲተነፍሱ ነው (ዘጸ. 23፥12)። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው ይህን ቃል መሠረት አድርገው ዕረፍት ዐይናችንን ለሌሎች መብት እንደሚከፍት አስተምረዋል። እንግዲህ ሕጉ በስም የጠራቸውን እነዚህን በሽርሽሩ የመጨረሻ ቀን እንፈልጋቸው።

አህያው በሳንቶሪኒ ደረጃዎች ላይ ይገኛል። ከአሮጌው ወደብ እስከ ፊራ ከተማ ያለውን ረጅም የድንጋይ ደረጃ ጐብኚን ተሸክሞ በፀሐይ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የግሪክ መንግሥት እነዚህ እንስሳት ከ100 ኪሎ በላይ እንዳይጫኑ ደንብ ማውጣት አስፈልጎታል። በሬውን በሰንበት ከቀንበር የሚፈታ የአገራችን ገበሬ ይህን ነገር ያለ አስተማሪ ይረዳዋል።

የባሪያይቱ ልጅ በመርከቡ ውስጥ ነው። አልጋ የሚያነጥፉት፣ ሳሕን የሚያጥቡት፣ ከታች በሞተር ክፍል የሚሠሩት ብዙዎቹ ከፊሊፒንስ፣ ከሕንድና ከኢንዶኔዥያ የመጡ ናቸው። ውላቸው ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር የሚዘልቅ ሲሆን በሳምንት ሰባቱንም ቀን ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ የ10 ሰዓት፣ በሳምንትም የ77 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጣቸው ያዛል። ለእንግዳው የመጨረሻ የሆነው ቀን ለእነርሱ ከሁሉ የከበደው የሥራ ቀን ዋዜማ ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን ችላ አላለችም፤ «ስቴላ ማሪስ» (የባሕር ኮከብ) በመባል የሚታወቀው የመርከበኞች ሐዋርያዊ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1920 በግላስጎ ተመሥርቶ እስከ ዛሬ በየወደቡ ይጐበኛቸዋል። ይህን ስናነብ በዓረብ አገሮች በሰው ቤት ተቀጥረው ያለ ዕረፍት ቀን የሚሠሩ ልጆቻችንና እኅቶቻችን ትዝ ይሉናል። የሰው ዕረፍት በሌላው ሰው ድካም ላይ እንደሚቆም ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

መጻተኛውስ? እርሱ በዚያው ባሕር ላይ ነው። ዛሬ የሽርሽር ማረፊያ የሆነችው ፍጥሞ ለቅዱስ ዮሐንስ የስደት ቦታ ነበረች። በራእዩ መጨረሻ አዲሱን ሰማይና አዲሲቱን ምድር ሲያይ ባሕር ከእንግዲህ ወዲህ እንደሌለ ይናገራል (ራእ. 21፥1)። በደሴት ተግዞ ከምእመናኑ የተለየ ሰው ባሕርን በሌላ ዐይን እንደሚያይ መገመት አያዳግትም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 2013 በዚሁ በሜዲትራኒያን፣ በላምፔዱዛ ደሴት ዳርቻ አንዲት ጀልባ ሰጥማ አብዛኞቹ ኤርትራውያን የሆኑ 368 ሰዎች ሞቱ። ከእኛ ጋር አንድ የቅዳሴ ሥርዐት የሚጋሩ ቤተሰቦች አለቀሱላቸው።

በዚያች ሌሊት ጥቂት ወዳጆች ለመዝናናት በትንሽ ጀልባ ወጥተው በባሕሩ ላይ አድረው ነበር። ሊነጋ ሲል ከሩቅ ድምፅ ሰሙ፤ መጀመሪያ የባሕር ወፎች ጩኸት መሰላቸው። ቀርበው ሲያዩ የሰጠሙ ሰዎች ጩኸት ነበር። ከጀልባቸው ዐቅም በላይ ቢሆንም 47 ሰዎችን በእጃቸው እየጐተቱ አወጡ።

ወደ ዳርቻው መውረድ

እንግዲህ ሰው በሚሰጥምበት ባሕር ላይ በንጹሕ ኅሊና ማረፍ ይቻላልን? መልሱ ከጌታችን ሕይወት ይገኛል። ደቀ መዛሙርቱ በአገልግሎት ደክመው ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡ ጊዜ ለብቻቸው ገለል ብለው ጥቂት እንዲያርፉ ነገራቸው፤ በታንኳም ወሰዳቸው (ማር. 6፥31-32)። ስለዚህ ዕረፍት ጥፋት አይደለም፤ ጌታ ራሱ ያዘዘው ነው። ነገር ግን ወደ ዳርቻው ሲደርሱ ሕዝቡ ቀድሞ ይጠብቃቸው ነበር። ጌታም አልተቈጣም፤ አዘነላቸው፤ ያስተምራቸውም ጀመር (ማር. 6፥34)። ያ ዕረፍት ታንኳው ባሕሩን እስኪሻገር ድረስ ብቻ ቆየ። ይሁን እንጂ ከንቱ አልሆነም፤ ፍሬው በዳርቻው ላይ ታየ።

ከላይ ለጠየቅነው ጥያቄ መልሱ ይህ ይመስለናል። በእውነት ያረፈ ሰው የሚታወቀው ከመርከቡ ሲወርድ ነው። ዕረፍቱ ዐይኑን ከከፈተለት፣ ያገለገለውን ሰው ስም ካወቀና ካመሰገነ፣ የወፍ ድምፅ የመሰለውን ጩኸት ቀርቦ ለመስማት ከፈቀደ አርፏል። ካልሆነ ግን የሸሸው ነገር በወደቡ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ውድ አንባብያንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፥ ከእኛ ብዙዎቻችን የኤጌን ባሕር አናይ ይሆናል። ነገር ግን ሁላችንም የመጨረሻ ቀን ያለው ዕረፍት አለን፤ የበዓል ማግስት፣ ዘመድ ጥየቃ የተሄደበት ሳምንት ማብቂያ፣ የእሑድ ማታ። ሦስተኛውን ትእዛዝ ለልጆች ስናስተምር፣ በቅዳሴ ከመገኘት ጋር እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በየእሑድ ማታ ራሳቸውን እንዲጠይቁ እናስለምዳቸው። ዛሬ ስለ ምን አመሰገንሁ? እኔ ሳርፍ ማን ደከመ? ነገ በዳርቻው የሚጠብቀኝስ ማን ነው? እንዲህ የለመደ ልጅ፣ የሕይወቱ ሻንጣ በበሩ የሚቀመጥበት ማታ ሲመጣ፣ ምሽት ወደሌለው ዕረፍት ያለ ፍርሃት ይሻገራል።