ቁናችንና ቍርባናችን

ነቢዩ አሞጽ ከከብት ጠባቂነት ተጠርቶ በእስራኤል የሰሜን መንግሥት በተናገረበት ዘመን፣ ሰንበትን የሚያከብሩ፣ የወር መባቻን የማይሽሩ፣ መሥዋዕትንም የሚያቀርቡ ነጋዴዎች ነበሩ። ነቢዩ የሚወቅሳቸው በዓል ሻራችሁ ብሎ አይደለም። በዓሉ እስኪያልፍ ድረስ ልባቸው ገበያ ላይ ስለ ዋለ፣ ካለፈም በኋላ መስፈሪያውን አሳንሰው፣ ሚዛኑን አጣመው፣ ግርዱን እንደ ንጹሕ እህል ለድኃ ይሸጡ ስለ ነበረ ነው (አሞ. 8፥4-6)። የእግዚአብሔር ሰው ሰንበቱንና መስፈሪያውን በአንድ ክስ ውስጥ አቀረባቸው። እኛ ግን ሁለቱን ለያይቶ ማየትን ከለመድን ቆይተናል። ክርስትናችንን ስንመረምር የቀረንበትን ቅዳሴ እንቆጥራለን፤ የሰፈርንበትን ቁና ግን አንቆጥርም።

ይህ ነገር ለምሥራቅ ጎጃም ሰው ሩቅ አይደለም። ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀውን መንገድ የተጓዘ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አገሩ የጤፍ አገር ነው። ጤፍ ደግሞ የሰውን ጉልበት አብዝቶ የሚጠይቅ እህል ነው። መሬቱ አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል፤ በክረምት ሊዘራ ሲል በከብት እግር ይረገጣል፤ ከዚያም በኋላ ጎንበስ ብሎ ከቡቃያው መካከል አረሙን እየለዩ መንቀል አለ። በኅዳር ይታጨዳል፣ ይከመራል፤ በአውድማ ላይ በበሬ ይበራያል፤ በመንሽና በላይዳ ከገለባው ይለያል። ፍሬው እጅግ ደቃቅ ከመሆኑ የተነሣ በጣቶች መካከል ይሾልካል። ይህ ሁሉ ድካም በመጨረሻ በአንድ ጆንያ ውስጥ ገብቶ በአህያ ጀርባ ወደ ገበያ ይወርዳል። እንግዲህ በገበያው ላይ ቁናው ሲጐድል የሚጐድለው እህል ብቻ አይደለም። ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር በጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብለው የዋሉባቸው ቀኖች ናቸው የሚጐድሉት።

የማታለሉ መንገድ ለማንም አዲስ አይደለም። ሲገዛ ቁናውን ነቅንቆና ጠቅጥቆ ክምር አድርጎ ይሰፍራል፤ ሲሸጥ ያንኑ ቁና በቀላል እጅ ሞልቶ አፉን በክንዱ ይልጠዋል። ዛሬ በብዙ ቦታ ኪሎና ሚዛን ቁናውን ተክተውታል፤ ተንኰሉ ግን ከመሣሪያው ጋር አብሮ ተለወጠ እንጂ አልቀረም። በደለኛው ነጋዴው ብቻ ነው ብለን እንዳንፈርድ ደግሞ፣ ከጆንያው አፍ ነጩን፣ ከሥሩ ሰርገኛውን የሚያደርግ ገበሬም አለ። የአራሚውንና የአጫጁን የቀን ዋጋ ነገ ዛሬ እያለ የሚያጓትት ባለ መሬትም አለ፤ ሐዋርያው ያዕቆብ የታሰረው የአጫጆች ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ጽፎልናል (ያዕ. 5፥4)። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር፣ በመጋዘን ያለ እህል ምን ያህል እንደሚያስጐመጅ ያዩ ያውቁታል። የተቸገረን ሰው ችግር ዋጋ አድርጎ መቍጠር በሐሰተኛ ሚዛን ከመመዘን የሚያንስ በደል አይመስለኝም።

ጌታችን ስለ መስጠት ባስተማረ ጊዜ የተናገረው ምሳሌ የእህል ገበያ ምሳሌ መሆኑን ልብ እንበል። የተጠቀጠቀና የተነቀነቀ፣ ሞልቶም የሚፈስ መስፈሪያ ብሎ ሲናገር (ሉቃ. 6፥38)፣ የሰሙት ሁሉ ነገሩን በዓይናቸው ያውቁት ነበር። የመንግሥተ ሰማያትን ልግስና የገለጠው በሻጩ እጅ ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ገበያ ገበያ ነው» የሚል ነው። ከዚህ የከፋው ግን ሁለተኛው መልስ ነው። ይኸውም በገበያ ያጐደልነውን በቤተ ክርስቲያን እንሞላዋለን የሚለው የልብ ስሌት ነው። ማንም በአፉ አይናገረውም፤ ብዙ ሰው ግን ይኖርበታል። ዓመቱን በጐደለ መስፈሪያ የነገደ ሰው በበዓሉ ቀን ሰፊ ድግስ ይደግሳል፤ ዝክር ይዘክራል፤ ለጣራው ቆርቆሮ፣ ለመቅደሱ መጋረጃ ይሰጣል። ሕዝቡም ይመርቀዋል። መጽሐፈ ሲራክ ግን በግፍ ከተገኘ ገንዘብ የሚቀርብን መሥዋዕት እግዚአብሔር እንደማይቀበል፣ የሠራተኛን ዋጋ መንጠቅም ደም ከማፍሰስ እንደሚቈጠር በግልጽ ያስተምራል (ሲራ. 34)።

በዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያን የሥነ ምግባር ትምህርት የማያሻማ ነው። የተወሰደው ገንዘብ ባለቤት ታውቆ ሳለ፣ ያን ገንዘብ ለቤተ ክርስቲያን መስጠት ዕዳውን አይከፍልም፤ ለባለቤቱ መመለስ ይገባል። ባለቤቱ በእውነት የማይታወቅ እንደ ሆነ፣ ለምሳሌ በየገበያው ቀን ስማቸውን ከማያውቃቸው ሰዎች ላይ ጥቂት በጥቂት ያጐደለ ነጋዴ፣ ያን ጊዜ ገንዘቡ ለድኆች ይሰጣል። ይህም ቢሆን ካሣ ነው እንጂ ምጽዋት ተብሎ አይቈጠርም፤ ስለዚህ ምስጋና አይጠበቅበትም። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ሁለቱን ለይቶ ተናግሯል። ለድኆች የሚሰጠው ከሀብቱ እኵሌታው ነው፤ ለተበደሉት የሚመልሰው ግን አራት እጥፍ (ሉቃ. 19፥8)። አንዱን በሌላው አልተካውም። በምሥጢረ ንስሐ ፊት የሚቀርብ ነጋዴ፣ ገበሬ ወይም የመሥሪያ ቤት ሰው ከዚህ ማምለጫ የለውም፤ የሚሰማው ካህንም ቢሆን ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ ማለፍ አይገባውም።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ዘመናችን ዓለም ባወጣው ሰነድ፣ በሚያምኑት እምነትና በዕለት ኑሯቸው መካከል መለያየት መኖሩን ከዘመኑ ከባድ ስሕተቶች እንደ አንዱ ቈጥሮታል። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በጀርመን ወረራ ጊዜ በክራኮው ከተማ በድንጋይ ካባና በኬሚካል ፋብሪካ የሠሩ ሰው ስለ ነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ መልእክት ሲጽፉ የሚናገሩትን ያውቁ ነበር። ሥራ ክብሩን የሚያገኘው ከሚሠራው ነገር ዓይነት ሳይሆን ሠሪው ሰው ከመሆኑ ነው ብለው አስተምረዋል። ይህ ትምህርት በእኛ አገር ሲነገር ለመስማት ቀላል ነው፤ ለመኖር ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

ስለ ባለ እጆች ማለቴ ነው። በምሥራቅ ጎጃም የቆዩትን አድባራትና ገዳማት፣ ዲማ ጊዮርጊስን፣ ደብረ ወርቅን፣ መርጡለ ማርያምን፣ ሞጣ ጊዮርጊስን እናስብ። በእነዚህ ቦታዎች መጽሐፍ የተጻፈበትን ብራና ቆዳ ፋቂ ፍቆታል። መስቀሉንና ጽናውን ቀጥቃጭ በእሳት ፊት ተቀምጦ ሠርቶታል። ካህኑ የሚለብሰውን ሸማኔ በጕድጓዱ ጫፍ ተቀምጦ ሸምኖታል። የእጃቸው ሥራ ወደ መቅደስ ገባ፤ ሰዎቹ ግን ለረጅም ዘመን ቡዳ፣ ፋቂ፣ ቍጢት በጣሽ እየተባሉ ከማዕድ ተገለሉ፤ ልጃቸውን የሚያገባ ታጣ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መሳደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡ ግን በየቤቱ በዝግታ ይነገራል። ናዝሬት ላይ ያደገው ጌታ ራሱ ጸራቢ ተብሎ ተንቋል (ማር. 6፥3)፤ ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ እንጀራውን በልቷል (ሐዋ. 18፥3)። በአንድ ጽዋ የምንቀበል ሰዎች በአንድ መሶብ ለመቀመጥ ካፈርን፣ የቱ ላይ እንደምናምን ራሳችንን መጠየቅ አለብን።

በነገራችን ላይ ስለ በዓላት ብዛት የሚነሣው ክርክር አለ። በአገራችን ከቅዳሜና ከእሑድ ሌላ በወር ውስጥ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ እየተባለ ሞፈር የሚሰቀልባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ከተማ የተማሩ ሰዎች ይህን የድህነት ምክንያት አድርገው ሲያቃልሉት እሰማለሁ። እኔ በዚህ ማቃለል አልስማማም። ዕረፍት ለአገልጋዩም ለበሬውም የተሰጠ መብት ነው (ዘዳ. 5፥14)፤ ድኃው ዕረፍት የሚያገኝበት ሌላ ሕግ ባልነበረበት ዘመን በዓሉ ጠብቆታል። ያለ ወቅቱ ዝናም በመጣ ጊዜ ግን፣ የታጨደ እህሏ ሜዳ ላይ ያለባትን መበለት ዛሬ በዓል ነው ብሎ እጅ አጣጥፎ ማየት፣ በሰንበት ከጕድጓድ የወደቀውን በሬ አለማውጣት ነው (ሉቃ. 14፥5)።

አሁን ከሁሉ የከበደውን ጥያቄ እንመልከት። ጐረቤቱ ሁሉ በጐደለ ቁና በሚሰፍርበት ገበያ ቁናውን ሞልቶ የሚሰፍር ሰው እንዴት ይኖራል? አንዳንዱ እግዚአብሔር ይባርክለታል ብሎ በችኰላ ይመልሳል። እኔ እንዲህ ለማለት አልደፍርም። ብዙ ጊዜ ይከስራል። ወንጌልም ትርፍን ተስፋ አልሰጠውም። ይህን ሰው ብቻውን የተወው ግን ገበያው ሳይሆን ማኅበሩ ነው። የቍምስናችን ማኅበርተኞች በወር አንድ ጊዜ ተሰብስበው ዳቦ ይቆርሳሉ፤ የታመመ ይጠይቃሉ፤ የሞተ ይቀብራሉ። እነዚሁ ሰዎች ቁና የሚሞላውን ወንድማቸውን ደንበኛ ሆነው ሊደግፉት፣ በከሰረም ጊዜ ሊያበድሩት፣ ነጋዴዎቹም በአንድ መስፈሪያ ለመስፈር ሊስማሙ አይችሉም ወይ? ደቦና ወንፈል ለእርሻ ከሆነ፣ ለቅንነት የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። የቤተ ክርስቲያን ሕይወት ማለት ለእኔ አንዱ ይህ ነው።

ከብቸና ወደ ሰሜን፣ ከሞጣ ደግሞ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ መርጡለ ማርያም አለች። ብፁዕ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1791 በጎጃም ዲቦ በተባለ መንደር ተወልዶ፣ በመርጡለ ማርያም ገዳም የመነኰሰ ሰው ነው። እርሱን ስናስብ ብዙውን ጊዜ የምናስበው ሰንሰለቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ታስሮ፣ እምነትህን ካድ እየተባለ፣ ከሠራዊት ኋላ እየተጐተተ በነሐሴ 1855 በእስር ላይ ዐረፈ፤ ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛም እ.ኤ.አ. በ1926 ብፅዕናውን አወጁ። ነገር ግን መከራው የአንድ ዓመት ያህል ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አርባ ዓመት ገደማ የሥራ ዘመን ነው። ከገዳም ወደ ገዳም እየሄደ የቆዩ መጻሕፍትን ፈለገ፣ አነበበ፣ አመሳከረ፣ ተማሪ አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1841 ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከተላኩት ጋር ወጥቶ ከቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስ ጋር እስከ ሮም ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1844 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አባል ከሆነ በኋላም ከርሱ ጋር የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ አዘጋጀ፤ የሥነ ምግባር ትምህርት ተረጐመ። የአንዱን ቃል ትርጕም ሳያረጋግጥ አያልፍም ነበር። በፍርድ አደባባይ ያላመነበትን አንዲት ቃል ይናገር ዘንድ በተጠየቀ ጊዜ እምቢ ያለው፣ በጽሕፈት መቀመጫው ላይ አንዲት ቃል ማጐደልን ያልለመደው ያው ሰው ነው። ሰማዕትነቱ ድንገት የመጣበት አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ2015 የባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት ሲቋቋም ይህ አገር ከነታሪኩ በውስጡ ተካቷል። ከእኛ ወገን በመምህርነት፣ በጤና ባለሙያነት ወይም በሌላ ሥራ ተመድቦ፣ የራሱ ቤተ ክርስቲያን በአቅራቢያው በሌለበት ከተማ የሚኖር ምእመን ይኖራል። እንዲህ ያለው ሰው ከቅዳሴ መራቁ በእርግጥ ያስለቅሰዋል፤ ማስለቀስም ይገባዋል። ዳሩ ግን ጐረቤቶቹ ስለ ካቶሊክ ክርስትና የሚያውቁት የተማሪን ፈተና በሚያርምበት፣ በሽተኛን ተራ በሚያስጠብቅበት እጅ ነው። ጉቦ ሳይቀበል የፈረመው ወረቀት ከመጻሕፍቱ በፊት ይነበባል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ «አትስረቅ» የሚለውን ትእዛዝ ስታስተምሩ ሌባውን በሌሊት ግድግዳ ሲቈፍር አድርጋችሁ አትሳሉት። ቁና ይዛችሁ ግቡ። ሲገዛ እንዴት ይሞላል፣ ሲሸጥስ እንዴት ይሞላል ብላችሁ ልጆቹን ጠይቁ። ልጆች በገበያ ቀን ከአባቶቻቸው ጋር ስለሚውሉ መልሱን ያውቁታል።