ሞሰቡ አንድ፣ ማደሪያው ሁለት

ልጆቼ፣ በዓል በደረሰ ቁጥር ከመካነ ሰላም፣ ከአቀስታ፣ ከወግዲና ከከላላ ወደ አዲስ አበባ የምትሳፈሩ ብዙ ናችሁ። እኅት ወይም አክስት እዚያ አለች፤ ፋሲካን ወይም ጥምቀትን አብራችሁ ልታሳልፉ፣ ኢድ ከሆነም ወንድማችሁን ልትጠይቁ ትሄዳላችሁ። ሂዱ፣ ደግ አደረጋችሁ። ዘመድ የሚጠፋው ባለመጠያየቅ ነው። ስለ ማደሪያው ግን ከመነሳታችሁ በፊት እንነጋገር፤ ብዙ ቅያሜ ሲጀምር የማየው ከዚያ ነውና።

እኛ አገር እንግዳ ሲመጣ እግሩ ይታጠባል፣ መደቡ ይነጠፍለታል፣ ከቤተሰቡ ጋር ያድራል። ዘመድ እያለው ከፍሎ ያደረ ሰው ዘመዱን እንዳዋረደ ይቆጠራል። ይህ ወግ ግቢው ሰፊ፣ ጎተራው ሙሉ ለሆነ ቤት ተስማምቶ ኖሯል። የአዲስ አበባዋ እኅታችሁ የምትኖርበትን ቤት ደግሞ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ከአከራይ ቤት ጀርባ የተሠራች አንዲት ሰርቪስ ክፍል ናት። አልጋው ግማሹን ይዞታል፤ ከአልጋው ሥር የጤፍ ዱቄቱ ከረጢት ገብቷል፤ ከበሩ ጀርባ ውሃ በመጣ ቀን የተሞሉ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል። ልጆቹ ማታ ማታ ከአልጋው ግርጌ ፍራሽ ተዘርግቶላቸው ይተኛሉ፤ ጠዋት ፍራሹ ተጠቅልሎ ካልተነሳ ቁርስ የሚቀርብበት ቦታ የለም። የግቢው በር ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ይቆለፋል። የመብራትና የውሃ ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ እንግዳ ሲበዛ የአከራይዋ ፊት ይጠቁራል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል፤ አከራይ እንዳሻው ዋጋ እንዳይጨምርም ገድቧል። ይሁንና በሰው ግቢ ውስጥ የሚኖር ሰው ሕጉን ከማንበቡ በፊት የአከራዩን ፊት ነው የሚያነበው።

እኅታችሁ ይህን አትነግራችሁም። «ኑ ብቻ፣ እንደምንም እንሆናለን» ነው የምትላችሁ። አንድ ሌሊት እንደምንም ይሆናል። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ባልየው ሥራ ሳይኖረው በጠዋት ወጥቶ ይሄዳል፣ ልጆቹ ይነጫነጫሉ፣ እናንተም ለምን እንደከበዳችሁ ሳታውቁ ትከብዳላችሁ። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ ከእነርሱ ጋር ብሉ፣ ከእነርሱ ጋር ዋሉ፣ ማደሪያችሁን ግን በቅርብ ሌላ ቦታ ያዙ። በዚህ አትፈሩ። ፒያሳ ላይ ሆቴል ከፍተው ከፍሎ መብላትና ማደርን ለአገሩ ያለማመዱት እቴጌ ጣይቱ ናቸው፤ የእንግዳ አቀባበልን ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ቅያሜ እንዳይመጣ ነገሩን አስቀድማችሁ፣ ከዚህ ከቤታችሁ ሳላችሁ በስልክ ንገሩ። ደርሳችሁ፣ ቡናው ከተፈላ በኋላ «አልጋ ይዣለሁ» ማለት ያስቀይማል። «እትዬ፣ ምሳና እራቴ ከእርስዎ ሞሰብ ነው፤ ማታ ማታ ግን ልጆቹን እንዳላጨናንቅ እዚያው ሰፈር አልጋ እይዛለሁ፤ እርስዎ ደህናውን ይጠቁሙኝ» በሏት። መጀመሪያ ትቆጣለች። ቀጥሎ ግን ሰፈሩን የምታውቀው እሷ ናትና የትኛው ፔንሲዮን ንጹሕ እንደሆነ፣ የትኛው ከሥሩ መጠጥ ቤት እንዳለበት ትዘረዝርላችኋለች። ማደሪያውን የመረጠችላችሁ እሷ ከሆነች ቅር የሚላት አይኖርም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ጠይቋት፤ «ለበዓል አገር ቤት የሚሄድ ጎረቤት አለ ወይ?» ብዙ ወጣት የማያስበው ይህንን ነው። እናንተን ወደ አዲስ አበባ የሚያመጣው በዓል ሌላውን ያስወጣል። መስቀል ሲደርስ የጉራጌ ቤተሰቦች ሱቅ ዘግተው፣ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ይጎርፋሉ፤ አረፋ ሲሆን ስልጤውም የወሎ ሙስሊሙም ወደ ትውልድ ቀዬው ይነሳል። በየኮንዶሚኒየሙ ቁልፉን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ የሚሄድ ሞልቷል። እኅታችሁ ከባለቤቱ ጋር በደንብ የምትተዋወቅ ከሆነ «ወንድሜ ሦስት ሌሊት ይደርበት፣ ቤቱንም ይጠብቅልህ» ብትል እምቢ የሚል ጥቂት ነው። ያን ጊዜ የራሳችሁን አንሶላና ጋቢ ይዛችሁ ግቡ፤ ስትወጡ አጥባችሁ፣ ጠርጋችሁ፣ የተጠቀማችሁበትን ጀሪካን ሞልታችሁ ውጡ። ለባለቤቱም ከመካነ ሰላም የመጣ ማር ወይም ቅቤ ተዉለት። በገንዘብ የሚገኝ አልጋ ይህን ያህል አይረክስም፣ ይህን ያህልም አይቀርብም።

ይህ ካልተገኘ ፔንሲዮን ትፈልጋላችሁ። በእኔ ዕድሜ ያሉ ሰዎች «ፒያሳ ሂድ፣ ካዛንችስ ሂድ፣ እዚያ ርካሽ አልጋ አለ» ብለው ይመክሯችኋል። አትከተሏቸው። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም.፣ ካዛንችስም በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ በስፋት ፈርሰዋል፤ ከድሮዎቹ ማደሪያዎች ብዙዎቹ ዛሬ ቦታቸውም አይታወቅም። ዘመዶቻችሁም ቢሆኑ ከመሀል ከተማ ወደ ዳር ወጥተዋል፤ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ፣ ወደ ገላን። መሀል ከተማ አልጋ ይዞ ኮዬ ፈጬ ያለ ዘመድ ቤት የሚመላለስ ሰው በአልጋ ያተረፈውን በታክሲና በራይድ ይከፍለዋል፤ በበዓል ማታ ደግሞ ታክሲው ራሱ አይገኝም። የዘመዳችሁ ቤት በአያት ወይም በሲኤምሲ በኩል ከሆነ ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደው ባቡር ይጠቅማችኋል። እኔ ግን ማደሪያን የምመዝነው በአንድ ነገር ነው። ከእራት በኋላ፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የአክስታችሁ ልጅ በእግሩ ሸኝቷችሁ ሊመለስ ይችላል? ከቻለ ቦታው ቅርብ ነው።

ላምበረት መነኸሪያ አካባቢ አልጋ መያዝም እንዲሁ አይመከርም፤ ቢያንስ በዋዜማው። በደሴ መስመር የሚመጣው አውቶቡስ እዚያ ያወርዳችኋልና ደክሟችሁ ያገኛችሁትን አልጋ ልትይዙ ትፈተናላችሁ። በዓል ሲቃረብ ግን ጎህ ሲቀድ የሚሳፈረው መንገደኛ ሁሉ እዚያ ስለሚያድር ዋጋው ይወጣል፣ ንጽሕናውም ይጓደላል። ለጥምቀት ከሄዳችሁ ደግሞ ከጃንሜዳ ዙሪያ ራቁ። ከጥር 10 ከተራ ጀምሮ የሚካኤል ታቦት እስኪገባ እስከ ጥር 12 ድረስ ስድስት ኪሎና አካባቢው በሰው ይሞላል፣ መንገዱ ይዘጋል። የኢድ ሶላት ቀን ስታዲየም ዙሪያም እንዲሁ ነው። በዓሉን ለማየት በጠዋት ተነስቶ መሄድ ይቻላል፤ እዚያው ማደር ግድ አይደለም።

አልጋውን ሳታዩ አትክፈሉ። ግቡና ቧንቧውን ክፈቱት፤ ውሃው በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ በማይመጣበት ቀን ታንከር እንዳለ ጠይቁ። አንሶላውን ገልጣችሁ እዩ። በሩ ከውስጥ እንደሚቀረቀር ሞክሩ። ሻወሩ የጋራ ነው ወይስ የክፍሉ? ጠዋት በስንት ሰዓት ነው ክፍሉ የሚለቀቀው? የነገሯችሁ ዋጋ ለበዓሉ ሌሊትም ያው መሆኑን አስረግጣችሁ ጠይቁ፤ ዛሬ በአንድ ዋጋ አስገብቶ በዋዜማው «ጨምሯል» የሚል አይጠፋም። ከሁለት ሌሊት በላይ ለሚያድር የሚቀንሱ አሉና ቅናሽ መጠየቅ ነውር አይደለም። መታወቂያችሁን ወይም ፋይዳችሁን አትርሱ፤ ያለዚያ የሚያሳድራችሁ የለም። ሴቶች ልጆቼ፣ እናንተ ብቻችሁን አልጋ ፍለጋ አትዙሩ። ዘመዳችሁ አስቀድሞ ሄዶ ይየው፣ ስትገቡም አብሮ ይግባና የማን ልጅ እንደሆናችሁ ለእንግዳ ተቀባዩ ያሳውቅ። ደላላ መነኸሪያ በር ላይ ሻንጣችሁን ይዞ ሲቀድም ከተከተላችሁት ግን የእሱም ድርሻ ከአልጋው ዋጋ ላይ እንደሚታሰብ እወቁ።

ቀብድ ከጠየቋችሁ የአንድ ሌሊቱን ብቻ በቴሌብር ላኩ፣ መልእክቱንም አታጥፉት። ሙሉውን አስቀድማችሁ አትክፈሉ የምለው በምክንያት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ባለው ግጭት መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ሊዘጋ ይችላል። በአቀስታ ደሴ፣ ከደሴም በደብረ ብርሃን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ልትሄዱ አስባችሁ ሳለ በመርጡለ ማርያም ዓባይን ተሻግራችሁ በጎጃም ልትዞሩ፣ ወይም ጭራሽ ልትቀሩ ትችላላችሁ። በጎጃም የመጣ በሱሉልታ፣ በደሴ የመጣ በለገጣፎ ነው የሚገባው፤ ከተማው በሌላ ጫፍ ይቀበላችኋልና ለዘመዳችሁ በየትኛው በኩል እንደመጣችሁ ደውሉላት።

አንድ ሌሊት ደግሞ ጨርሶ አትከራዩ፤ የፋሲካን ዋዜማ። ቅዳሜ ማታ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳላችሁ፤ ቅዳሴው እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ይቆያል፤ ከዚያ ከቤተሰቡ ጋር ገብታችሁ ትገድፋላችሁ፣ እስኪነጋም ጨዋታ ነው። ያን ሌሊት በተከፈለበት አልጋ የሚተኛ የለም። በዚያ ገንዘብ ለልጆቹ ልብስ ወይም ለእኅታችሁ አንድ ዶሮ ጨምሩላት። ሌሊቱ ሲገፋ ጋደም ማለት ብትፈልጉ በዚያች ፍራሽ ጫፍ ላይ ተጠጋግቶ ማደር ያን ቀን ለማንም አይከብድም፤ የበዓሉም ደስታ አንዱ እሱ ነው።

መመለሻውን ከመሄዳችሁ ጋር አስቡት። በዓሉ ባለፈ ማግስት ሁሉም ሰው ተመላሽ ስለሆነ ትኬት ይጠፋል፤ ከሁለትና ከሦስት ቀን በፊት ቁረጡ። አውቶቡሱ የሚነሳው ንጋት ላይ ከሆነ ላምበረት አካባቢ ማደር የሚጠቅመው ያን ጊዜ ነው፤ የመጨረሻዋን ሌሊት ብቻ ወደዚያ ተዛወሩ። እራታችሁን ከቤተሰቡ ጋር ብሉ፣ ምርቃቱን ተቀበሉ፣ እኅታችሁ የምትቋጥርላችሁን ድፎ «አይሆንም» ሳትሉ ያዙ፣ በጊዜም ተሸኙ። ክፍላችሁ እንደገባችሁ መድረሳችሁን ደውላችሁ ንገሯት፤ ሳትሰማ አትተኛም።